ቁጣውን አስታረቅነው፣ ሰውየውን ግን አልጠየቅነውም

ኅዳር ሊያልቅ ሲል በጌዴኦ ዞን፣ ዱመርሶ ነበርኩ፣ እሸት ቡና በሚረከቡበት ቦታ። ገበሬው ከጓሮው የለቀመውን ቀይ ፍሬ በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል፣ ይሰለፋል፣ ያስመዝናል፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሄዳል። አርባዎቹን ያጋመሰ አንድ ሰው ተራው ደርሶ መዛኙ ልጅ ኪሎውን ሲነግረው ቱግ አለ። ያጣላቸው ነገር ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። ጆንያውን ነጥቆ ፍሬውን ጭቃው ላይ ዘረገፈው፣ የልጁን ኮሌታ ጨመደደ፣ ስድቡ ለጆሮ ይከብድ ነበር። አራት ሰው ገብቶ ገላገለ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ሰውየው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የዘረገፈውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጭቃውን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግና ወደ ጆንያው ይመልሳል። ያገዘው ሰው አልነበረም፤ እኔም አላገዝኩትም። "ተወው፣ አመሉ ነው" አሉኝ አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ። "ከዐምና ጀምሮ ያልተጣላው ሰው የለም። እኛ ብቻ ሦስት ጊዜ አስታርቀነዋል።"

የገና በዓል ሳይደርስ፣ ይኸው ሰው ራሱን ሊያጠፋ ሲል ጎረቤት ደርሶ እንዳተረፈው ሰማሁ። ሰፈሩ ደነገጠ። በድንጋጤው መሀል ከብዙ ሰው አፍ የሰማሁት አንድ አባባል ነው ይህን ሐተታ ያስጻፈኝ፦ "እሱ እኮ ቁጡ ነው እንጂ ድባቴ የለበትም።"

አባባሉ ስሕተት ነው፤ ሰው የሚያሳጣ ስሕተት። ድባቴ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ጥግ ይዞ የተቀመጠ፣ አንገቱን የደፋ፣ እህል አልወርድ ያለው፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ቃሉ ራሱ ወደዚያ ይመራናል፤ "ደበተኝ" የሚል ሰው ከበደኝ፣ ተጫጫነኝ ማለቱ ነውና። ታላቅ ወንድሙ "ድብርት" ደግሞ ስብሰባም ሲረዝም፣ ፊልምም ሳይጥም "ደበረኝ" እየተባለ ዋጋው ወርዷል። ስለዚህ የሚጮኸው፣ በር የሚደበድበው፣ በጎረቤት ከብት ሰበብ ዱላ የሚያነሳው ሰው በዚህ ቃል ውስጥ ቦታ አጣ። ለእሱ ሌላ ስም አለን፦ ነገረኛ፣ ግልፍተኛ፣ አመለኛ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በድባቴ የተያዘ ሰው መቆጣቱ የደኅንነቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ይበልጥ እንድንጠጋው የሚጠራን ምልክት ነው። ይህን ምልክት ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ሐኪም አይደለም። ቀድሞ የሚያዩት ሽማግሌዎች ናቸው።

ኀዘንና ቁጣ በአንድ ቤት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በጽኑ ኀዘን የተዋጠ ሰው ራሱን የሚወቅሰው በሌላ ላይ የነበረው ቁጣ ወደ ራሱ ስለዞረበት ነው ብሎ ነበር። የፍሮይድ ማብራሪያ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የሚቀበለው ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ያነሣው ጥያቄ ግን ቀረ። በ1976 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊቷ ሐኪም ማሪ ኦስበርግና ባልደረቦቿ 68 የድባቴ ታማሚዎችን መርምረው፣ ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር ተሰባብሮ የሚተወው ቅሪት በአከርካሪ ፈሳሻቸው ውስጥ ያነሰባቸው ሰዎች ራሳቸውን ለማጥፋት ይበልጥ እንደሚሞክሩ አገኙ። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ይኸው ቅሪት በድንገት በሚገነፍሉና በሚጋጩ ሰዎችም ላይ አንሶ ተገኘ። የሰው ባሕርይ ሁሉ በአንድ ንጥረ ነገር ይፈታል ማለት አይደለም፤ አንጎል እንዲያ ቀላል አይደለም። ሌላውን ለመምታት የሚነሣን እጅና ራስን ለመጉዳት የሚነሣን እጅ የሚገታው ልጓም ግን በከፊል አንድ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጠንካራ ፍንጭ ሰጠ።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ የተመራማሪው የጆን ማንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት 347 የአእምሮ ሕሙማንን ያየ ሲሆን፣ 184ቱ ቀደም ሲል ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ ነበሩ። ሐኪሙ ከውጭ ሆኖ የሚለካው የድባቴ ክብደት የሞከሩትን ካልሞከሩት አልለየም። ከለዩዋቸው ነገሮች መካከል በሕይወት ዘመናቸው ያሳዩት ጠበኝነትና ሳያመዛዝኑ የመፈጸም ዝንባሌ ይገኙበታል። ይህን አንድ አፍታ ቆም ብለን እናስበው። "ሕመሙ ምን ያህል ከብዷል?" እያልን ስንለካ፣ አደጋውን የሚያባብሰው ነገር በሌላ በኩል ያልፈናል። ጠበኝነት ስል አስቦና አቅዶ የሚደረግ ጭካኔ ማለቴ አይደለም። ትንሽ ነገር ስትነካው እንደ ክብሪት ቦግ የሚለው፣ ሲበርድም ጸጸት የሚከተለው ዓይነት ነው። ድባቴ "መኖር ምን ይሠራልኛል?" የሚለውን ሐሳብ ያመጣል፤ የቁጣው ግንፍልታ ደግሞ በሐሳቡና በድርጊቱ መካከል ያለውን ጊዜ ያሳጥረዋል። እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ጊዜው ይበልጥ ያጥራል፤ አረቄ ሲጨመርበትማ ከናካቴው ይጠፋል።

ማውሪዚዮ ፋቫ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በቦስተን ይህን በቅርብ አጥንተውታል። ከድባቴ ታማሚዎቻቸው ከሦስቱ አንዱ ገደማ ድንገተኛ የንዴት ወጀብ ነበረበት፦ ልብ ይመታል፣ ላብ ይወርዳል፣ ፊት ይቀላል፣ ከምክንያቱ ጋር የማይመጣጠን ቁጣ ይፈነዳል፤ ከዚያ ጸጸት ይከተላል። ይህን ሳነብ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ቡና የሚለቅመው ሰው ትዝ አለኝ። ተስፋ የሚሰጠው፣ ድባቴው ሲታከም ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የንዴቱ ወጀብም አብሮ መጥፋቱ ነው። አመል ብቻ ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት ባልበረደ ነበር።

ታዲያ ይህ በጤና ተቋሞቻችን ለምን አይታይም? አንዱ ምክንያት ስለማንጠይቅ ነው። በአገራችንም ተፈትሾ ሥራ ላይ የዋለው ታዋቂው የድባቴ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ስለ ደስታ ማጣት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ሞት ሐሳብ ይጠይቃል። ስለ ቁጣ አንድም ጥያቄ የለውም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ብስጩነትን ከድባቴ ዋና ምልክት የሚቆጥረው ለልጆችና ለጎረምሶች ነው፤ አዋቂ ሲሆን ከዋናዎቹ ዝርዝር ይወጣል። አባወራው ጤና ጣቢያ ቢደርስ እንኳ "ራሴን ይነደኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል" ብሎ ለራስ ምታትና ለጨጓራ መድኃኒት ተቀብሎ ይመለሳል።

ከጎትላንድ እስከ ሶንጎ

እዚህ ላይ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ላንሣ። ጎትላንድ የስዊድን ደሴት ናት። በ1983 እና በ1984 እ.ኤ.አ. በደሴቲቱ የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች ድባቴን ለይተው እንዲያክሙ ሥልጠና ተሰጣቸው። ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ ዓለምም አደነቀ። በኋላ ግን ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ሩትስና ባልደረቦቹ ቁጥሩን በጾታ ከፍለው ሲያዩት፣ የቀነሰው ከሞላ ጎደል በሴቶች ላይ ብቻ ነበር። ወንዶቹ እንደ ቀድሞው ይሞቱ ነበር። የት ነበሩ ተብሎ ሲፈለግ፣ ሐኪሞቹ አያውቋቸውም፤ ፖሊስና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ግን ያውቋቸዋል። ድባቴያቸው የመጣው በጠብ፣ በመጠጥና በብስጭት ተሸፍኖ ነበርና። ከዚያ ተሞክሮ ተነሥተው ስለ ብስጩነትና ስለ ጠበኝነት የሚጠይቅ የወንዶች ድባቴ መለኪያ አዘጋጁ። በዓለም ደረጃ ድባቴ ይበልጥ የሚመዘገበው በሴቶች ላይ ሆኖ፣ ራሳቸውን በማጥፋት የሚሞቱት ወንዶች ግን ከሴቶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ የመሆናቸው እንቆቅልሽ ከፊል መልሱ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

ወደ ጌዴኦ ልመለስ። በዚህ አገር ሰው ከሰው ሲጋጭ ጉዳዩ ሶንጎ ወደሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ይወጣል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ በዳይና ተበዳይ ይሰማሉ፣ ጥፋት ይመዘናል፣ ካሳ ይወሰናል፣ እርቅ ይወርዳል። ይህን ሥርዓት የማነሣው በአክብሮት ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ሁለቱን ሕዝቦች መልሶ ለማቀራረብ የተጠራው አባቶች ያቆዩት የጎንዶሮ እርቅ ነበር። ከዚያ መፈናቀል በኋላ በአካባቢው የተሠሩ ጥናቶች ድባቴና የአደጋው ሰቀቀን በተፈናቃዮቹ መካከል ምን ያህል እንደተስፋፋ አሳይተዋል። ያ ሁሉ ሕመም በዝምታ ብቻ አይወጣም። በሚስት ላይ፣ በልጅ ላይ፣ በወሰንተኛ ላይ፣ በቡና መዛኝ ላይ በቁጣ ይወጣል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ቡናውና እንሰቱ በዛፍ ጥላ ሥር ተቃቅፈው የሚያድጉበት ያ ውብ ምድር፣ ሕዝብ እጅግ የተጨናነቀበት፣ መሬት ለልጅ ልጅ እየተቆረሰ ያለቀበትም ነው። አንድ ክንድ ወሰን የሚያጣላው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ የዱመርሶውን ሰው በዚህ ዓይን እንየው። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ፊት ቀርቧል። ጤና ጣቢያ አንድም ጊዜ አልሄደም። በጎትላንድ ወንዶቹን የሚያውቋቸው ፖሊሶች እንደነበሩ፣ በእኛ ዘንድ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች፣ የእድር ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች ናቸው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሽማግሌ የሰውየውን አባት ያውቃል፣ የመሬቱን ወሰን ያውቃል፣ ከመቼ ወዲህ እንደተለወጠ ያውቃል። "ከዐምና ጀምሮ" የሚለውን ቃል ለእኔ የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። የቆየ አመልን ከአዲስ የመጣ ቁጣ መለየት ለሐኪም ከባድ ነው፤ ለጎረቤት ግን ቀላል ነው። የጎደለው ጥያቄው ነበር። በሦስቱም እርቅ የተጠየቀው "ለምን መታኸው?" ነው። "ሌሊት ትተኛለህ ወይ?" ያለው ሰው አልነበረም።

"ታዲያ ለበዳይ ሰበብ እናብጅለት?"

ከሚነሡብኝ ተቃውሞዎች በጣም የምፈራው ይህን ነው፤ እውነት አለበትና። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው "ታምሜ ነው" ብሎ እንዲያመልጥ በር ልንከፍት አይገባም። ብዙ ደብዳቢ ድባቴ የለበትም፤ ድባቴ ያለበት አብዛኛው ሰው ደግሞ በማንም ላይ እጁን አያነሣም። እኔ የምለው የተጎዳው ሰው ደኅንነት ይቅደም ነው፤ ካሳውም ይከፈል፣ ሕግ የሚጠይቀውም ይፈጸም። ያ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ግን አጥፊው ሞቶ እንዳናገኘው መጠየቅ ፍርዱን አያጓድልም። እንዲያውም ሚስቲቱ ራሷ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። የዱመርሶው ሰው ባለቤት ያለችኝን አልረሳውም፦ "ሲቆጣ እፈራዋለሁ፣ ዝም ሲል ግን ይበልጥ እፈራለታለሁ።" እሱን መፍራትና ለእሱ መፍራት በአንድ ሴት ሆድ ውስጥ አብረው ያድራሉ። ፍትሕንና ሕክምናን ማስመረጥ ለእሷም አይበጃትም።

ሌላው ተቃውሞ "ይህ የፈረንጅ ጥናት ነው" የሚል ነው። ከጠቀስኳቸው ጥናቶች ዋናዎቹ በእርግጥ ከስዊድንና ከአሜሪካ ናቸው፤ ቁጣና ድባቴ የሚገናኙበትን መንገድ በራሳችን ሰው ላይ በሰፊው የማጥናት ዕዳ አለብን። ችግሩ ግን የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በቡታጅራ ከ10 ሺህ በሚበልጡ አዋቂዎች ላይ ተሠርቶ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ 3.2 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናትም በጤና ጣቢያ የሚያልፉ አብዛኞቹ የድባቴ ታማሚዎች ሳይታወቁ እንደሚመለሱ አሳይቷል።

"ድህነቱንና መፈናቀሉን ትታችሁ በሽታ አታድርጉት" የሚሉም አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። መሬት ያጣ፣ ዕዳ የያዘው፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መቆጣቱ ጤና ነው። ጥያቄው ቁጣው የት ላይ አረፈ የሚለው ነው። በበደለው ላይ ያረፈ ቁጣ መብት ያስከብራል፤ ግማሽ ኪሎ ቡና ላይ ፈንድቶ ወደ ራሱ የሚመለስ ቁጣ ግን ሰውየውን ይበላዋል። ዕዳው እስኪከፈል ሕክምናው ይቆይ ማለት ደግሞ ለማንም አልጠቀመም።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ከሳይንሱ ከራሱ የመጣ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የ50 ዓመት 365 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ፣ ማን ራሱን እንደሚያጠፋ ቀድሞ የሚነግረን አንድም ምልክት እንደሌለ፣ ብዙዎቹ ምልክቶች ከግምት ብዙም እንደማይሻሉ አሳይቷል። ቁጣም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ቁጡውን ሰው "ይህ ራሱን ያጠፋል" ብሎ በዝርዝር ላይ ማስፈር ሳይንሱንም ሰውየውንም መበደል ነው። ምልክቱ የሚያገለግለው ወሬ ለመጀመር ነው፤ ለዚያ ደግሞ በቂ ነው።

ምን ብለን እንጠይቅ?

ብዙ ሰው "ስለ ሞት ብጠይቀው ሐሳቡን አስታውሰዋለሁ" ብሎ ይፈራል። ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው፤ በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፣ ብዙውን ጊዜ ያቀለዋል። የሚጠየቀውም ቀላል ነው። ቁጣው ከበረደ በኋላ፣ ለብቻ፣ ሰው በሌለበት፦ "ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንከው? እንቅልፍህስ? ከቁጣው በኋላ ምን ይሰማሃል? መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?" የመጨረሻውን ጥያቄ ሳያፍሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አለመተው፣ የሚጎዳበትን ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ማራቁን ብዙ ሰው "ቆርጦ የተነሣ ሰው ምን ያቆመዋል?" ብሎ ያቃልለዋል። እኔ ግን የቁጣው ጉዳይ ከሕይወት ማዳን ጋር በቀጥታ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ግንፍልታ ያልፋል። ያ ሰዓት ካለፈ፣ ከሙከራ የተረፉት አብዛኞቹ ሰዎች በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን ደረጃ በደረጃ ስታግድ፣ ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ድርሻ በ70 በመቶ ገደማ ወርዷል። ገበሬው አልተለወጠም፣ ኀዘኑም አልጠፋም። በንዴቱ ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር ተለወጠ። በየጓዳችን አልጋ ሥር የሚቀመጠውን የጸረ ተባይ ዕቃ ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም።

ቤተሰብ ጉዳዩን የሚደብቅበት አንድ ፍርሃት ሕግ ነው። "ፖሊስ ይይዘዋል" ይላሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣን ወይም የረዳን ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን ሰው አይቀጣም። ይህን በየእድሩና በየቤተ እምነቱ መናገር ያስፈልጋል። ለጤና ባለሙያውም አንድ ነገር ልጨምር፦ ቁጣው ከእንቅልፍ አለመፈለግ፣ ከማያቋርጥ ንግግርና ከተራራ ከሚያክል ዕቅድ ጋር ከመጣ፣ ሕመሙ በሁለት ጽንፍ የሚመላለሰው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል የድባቴ ኪኒን ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል። ከ25 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶችም የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ሳምንታት የቅርብ ክትትል ይፈልጋሉ።

የዱመርሶው ሰው አሁን በየወሩ ለመድኃኒቱ ዲላ ይመላለሳል። ታሪኩን እንድጽፈው የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው። ያን ቀን ሚዛኑ አጠገብ ምን ተሰምቶት እንደነበር ስጠይቀው ረጅም ጊዜ ዝም አለና "ስጮህ ትንሽ ይቀለኝ ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ሰው እንደጠላኝ ይሰማኛል፤ ከዚያ እኔም ራሴን እጠላለሁ" አለኝ። ለወራት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እየነቃ እንሰቱ ሥር ተቀምጦ ያነጋ እንደነበር ያወቀው ባለቤቱ ብቻ ነበረች። እሷም የጠየቃት አልነበረም።

ስንለያይ ወደ መንገዱ ሸኘኝ። ሽማግሌው ከወዲያ እየመጡ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥንና እጁን እንደያዙ "ሌሊቱስ እንዴት ነው?" አሉት። "ትናንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛሁ" አላቸው።